ለዓይን የተጻፈ ወረቀት

«ነገርኩሽ እኮ፤ አታጥቢውም» አለች ደረጃው ግርጌ የተቀመጠችው ሴት። «ባልዲሽን ይዘሽ ተመለሺ።»

ኢንስፔክተር ዚነት የያዘችው ባልዲ ሳይሆን ስስ ፋይል ነበር። ድምፅ የማያሰማ የጨርቅ ጫማ አድርጋ ስለነበር ሴትዮዋ የጽዳት ሠራተኛዋ ተመልሳ የመጣች መስሏታል። ዚነትም በተራዋ ተሳሳተች። በሴትዮዋ ጭን ላይ የተጋደመውን ነጭ በትርና እንባ የደረቀበትን ፊቷን አይታ የሟች ሚስት አደረገቻት።

«አላህ ሶብሩን ይስጥሽ። ባለቤትሽ የወደቁት ከዚህ ነው?»

«ባሌ አይደለም፤ አስተማሪዬ ነው» አለች ሴትዮዋ ፊቷን ወደ ድምፁ አዙራ። «አንቺም የባልዲዋ አይደለሽም መሰለኝ። አውፍ በይኝ አባዮ፣ ይቅርታ እህቴ። ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ጊዜ ደሙን ሊያጥቡት መጡ።»

ዚነት ማን እንደሆነች ነግራት እጇን ያዘች። መዳፏ መሐል ላይ ሽምብራ የሚያህል ጠጣር ነገር ጣቷን ጎረበጣት። ሴትዮዋ ገባትና ፈገግ አለች። ብሬል በእጅ ሲጻፍ ነጥቡ የሚወጋበት ወስፌ መሳይ መውጊያ አለ፤ እጀታው የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው፤ ብዙ የጻፈ ሰው ሁሉ ያችን ሽምብራ ያበቅላል።

«የጋሽ ይሳቅማ ሚስማር ያስመታ ነበር» አለች።

ኢክራን ትባላለች። ማየት የተሳናቸው ሠላሳ አንድ ልጆች የሚማሩበት ክፍል መምህርት ናት። እሷንም ፊደል ያስቆጠራት ይሳቅ ነው። ይሳቅ ትናንት ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በዚህ በድሬ የከዚራ ሰፈር ባለው አሮጌ የትምህርት ድጋፍ ጽሕፈት ቤት፣ ከቀዩ የእንጨት ደረጃ ሥር ሞቶ ተገኘ። የግንቦት ሙቀት ረጅም የቀትር እረፍት ስለነበር ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቤቱ ውስጥ ሠራተኛ አልነበረም። ፋይሉ ላይ የሰፈረው ሦስት ቃል ነው፤ «ዓይነ ስውር። ወድቆ።» የዚነት አለቃም ከጁምዓ በፊት አስፈርማ እንድትዘጋው ነግሯታል።

«አሥራ ሰባት ደረጃ ነው» አለች ኢክራን። «አሥራ አንድ ዓመት ወጥቶ ወርዶበታል። የምታዩት ትወድቁበት ይሆናል። እሱ አይወድቅበትም።»

ከዚያ የሆዷን ዘረገፈችላት። ከሦስት ዓመት በፊት ለልጆቹ የብሬል መጻሕፍትና ደጋፊ መምህራን የሚያቀርብ ድርጅት በጨረታ ተፈልጎ «ነቁጥ የትምህርት ድጋፍ አገልግሎት» የሚባል አሸነፈ። ሦስት መቶ መጽሐፍ ገባ ተብሎ ተፈረመ። ነጥብ የነበረው ግን በየመጽሐፉ የመጀመሪያዎቹ አራት ገጾች ላይ ብቻ ነው፤ ሌላው ባዶ ወፍራም ወረቀት ነበር። የተረከቡት ሰዎች ዓይን ስላላቸው የመጀመሪያውን ገጽ ገልጠው፣ «ያምራል» ብለው ዘግተውታል። ይሳቅና ኢክራን አቤት ሲሉ የመጣላቸው ደብዳቤ «ተማሪዎቹ የማንበብ ተነሳሽነት እንዲያዳብሩ ቢደረግ» ይላል። ኢክራን ደብዳቤውን እስከ ዛሬ አልጣለችውም።

ዘንድሮ ጨረታው እንደገና ሲወጣ ይሳቅ ገምጋሚ ካልሆንኩ ብሎ ቢሮውን ቁም ስቅሉን አሳየው። በመጨረሻ ገባ። እያንዳንዱ ተጫራች አንድ ሙሉ የስድስተኛ ክፍል መጽሐፍ በናሙናነት እንዲያቀርብ አስወሰነ፤ ከመቶው ነጥብ አርባው በእሱ ጣት ሥር ሆነ።

«ትናንት ስድስት ተኩል ላይ ደወለልኝ። ሳቁን መቆጣጠር አቅቶታል። ‹ኢክሩ፣ የሚያስቅሽ ነገር ይዤልሽ እየመጣሁ ነው፤ ሻይ ጣጂ› አለኝ። ጣድኩት።»

ዛሬ አምስት ሰዓት ላይ የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ይፈረማል። ከተፈረመ ውሉ ለሌላ ሦስት ዓመት የነቁጥ ነው። የኢክራን ስድስተኛ ክፍሎች ያለ መጽሐፍ ስምንተኛን ይፈተናሉ፤ ይሳቅም ያንን አጽድቆ የሞተ ሰው ተብሎ ይመዘገባል። ዚነት ሰዓቷን አየች፤ ሁለት ሰዓት ከሩብ ይላል። ሦስት ሰዓት የማይሞላ ጊዜ አላት።

ሠራተኞቹ መግባት ጀመሩ። በደረጃው የሚያልፍ ሁሉ ኢክራን ዘንድ ቆም እያለ እጇን ይጨብጣል፤ ለቅሶ መድረሱ ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ጢሞቴዎስ የጣቱን ጫፍ ሰጣትና «ምን ይደረግ፣ ዓይነ ስውርና ደረጃ…» ብሎ ወደ ፎቅ ወጣ። ጸሐፊዋ ወይዘሮ ሰገል እጇን በሁለት እጆቿ ይዛ አለቀሰች። ለይሳቅ የሚመጣለትን የቀለም ጽሑፍ ሁሉ አሥራ አንድ ዓመት ያነበበችለት እሷ ናት። የነቁጥ ባለቤት ዐብዲሻኩርም መጥቶ ነበር፤ ሴት ስለማይጨብጥ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ኢናሊላሂ» አለ። ሁሉም ካለፉ በኋላ ኢክራን መዳፏን በአውራ ጣቷ ስታሻ ዚነት አየቻት። እጅ ማፍታታት መስሏት አለፈችው።

አቶ ጢሞቴዎስን በአየር ማራገቢያው ሥር ተቀምጦ አገኘችው። ደረጃው እንዲታጠብ ያዘዘው እንግዳ ስለሚመጣ መሆኑን ሳያፍር ነገራት። የጓሮው በር ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱ እሱ ዘንድ፣ አንዱ ሰገል ዘንድ ነው። ትናንት በእረፍቱ ቤቱ ተኝቶ እንደነበር ተናገረና የዚነትን ፋይል በጣቱ ገፋ አደረገው።

«ኢንስፔክተር፣ ሰውዬው ለነቁጥ ከአርባ ሠላሳ ስምንት ሰጥቶ ነው የሞተው። ወረቀቱ በራሱ ነጥብ ተጽፎ ጠረጴዛው ላይ ነው የተገኘው። ማን ጠላው ትያለሽ? ተሸናፊ እንኳ ገና አልተነገረውም።»

«ወረቀቱን ማን አነበበው?»

«ማን ያነበዋል? ሰገል በቃሉ ነግሯታል፤ መዝግባዋለች።»

ስለ ማየት የተሳናቸው ልጆች መጽሐፍ የሚወስን ቢሮ ውስጥ አንዲት የብሬል መስመር የሚያነብ ሰው የለም። የነበረው አንድ ነበር፤ የእሱንም ደም ለእንግዳ ሲሉ ሊያጥቡት ነው።

ወይዘሮ ሰገል ዓይኗ አብጧል። ይሳቅ ከስድስት ሰዓት በፊት ሥራውን ጨርሶ፣ ነጥቡን ፊቷ ወግቶ፣ «ሠላሳ ስምንት» ብሏት ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቶት እንደነበር ተናገረች። እሷ ስድስት ሰዓት ላይ በዋናው በር ወጥታ፣ የደቻቱን ወንዝ ተሻግራ መጋላ ሰፈር ወዳለው ቤቷ ሄዳለች፤ የተመለሰችው ዘጠኝ ላይ ነው።

«ብሬል ያነባሉ?»

«አንዷን ነጥብ ካንዷ አልለይም እህቴ። ዓይኑ ነበርኩ እንጂ ጣቱ አልነበርኩም።»

ጥበቃው በሺር ይህንኑ አጸና። ሰገል ስድስት ላይ ወጥታ ዘጠኝ ላይ ገብታለች። በመካከሉ የመጣ ሰው ዐብዲሻኩር ብቻ ነው፤ እሱም ስምንት ሰዓት ገደማ። «ወላሂ፣ ሌላ ዝንብ አልገባም» አለ። ዚነት በሺር የሚቀመጥበትን ዛፍ አየችው። ሥሩ የተበተነው የጫት ገረባ እንደሚመሰክረው ጀርባውን ለቤቱ ሰጥቶ ነው የሚቅመው፤ የጓሮው በር ደግሞ ከቤቱ ወዲያ፣ በባቡሩ አጥር በኩል ነው። ስለዚያ በር እሱን አለመጠየቁን መረጠች።

ዐብዲሻኩር ላቡን እየጠረገ መለሰላት። ተጫራች በግምገማ ጊዜ ግቢውን መርገጥ እንደማይፈቀድለት ያውቃል። ወሬ ለመስማት ሹልክ ብሎ እንደመጣ አመነ። ከፎቁ መስኮት ሥር ቆሞ የመውጊያውን ጠቅ ጠቅ ሰማ።

«‹መምህር ይሳቅ፣ እንዴት ዋልክ› አልኩት። ድምፁ ቆመ። መልስ የለም። ሁለተኛ ጠራሁት፤ ጭጭ። ንቆኝ ነው ብዬ ሄድኩ።»

«ናሙናውን የት አሠራችሁት?»

«አዲስ አበባ፣ በማሽን ነው። ሰነዱ ላይ አለ።»

ዚነት ይሳቅ ይሠራበት ወደነበረው የፎቁ ክፍል ወጣች። ጠረጴዛው ላይ የይሳቅ የብሬል ሰሌዳ፣ ሠላሳ ስምንት የሚለው ወረቀትና የነቁጥ ናሙና ተደርድረዋል። ናሙናው የሕፃን ክብደት ያለው ጥራዝ ነው። አንዱ ማዕዘኑ ተጨፍልቋል፤ የተጨፈለቀው ቦታ ላይ የደረጃው ቀይ ቀለም ተላጦ ተጣብቋል። ሦስቱንም አቅፋ መውረድ ጀመረችና አራተኛው ደረጃ ላይ ቆመች። ሁለቱም እጆቿ ተይዘዋል። አሁን አንድ ሰው ከኋላዋ ቢገፋት ምን እንደምትይዝ አሰበች። ወዲያው ሆስፒታል ደውላ ሐኪሙን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችው።

ኢክራን ወረቀቱን በጣቶቿ ዳሰሰች። ግንባሯ ተኮማተረ። ገለበጠችው፤ መልሳ ገለበጠችው፤ ናሙናውንም ዳሰሰች። ከዚያ ሳቀች። ሳቋ መሐል ላይ ተሰብሮ ልቅሶ ሆነ።

«‹የሚያስቅሽ ነገር› ያለኝ ይሄንን ነው» አለች ጥራዙን መታ አድርጋ። ከዚያ ዚነትን በክንዷ ስባ ለረጅም ጊዜ አንሾካሾከችላት፤ መጨረሻ ላይ የዚነትን መዳፍ ገልጣ መሐሉን በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው።

አምስት ሰዓት ላይ ዚነት ያስጠራቻቸው ሁሉ በስብሰባው ክፍል ተገኝተዋል። ጢሞቴዎስ እስክሪብቶውን ከፍቶ ቃለ ጉባኤውን ፊቱ አድርጓል። ሰገል አጠገቡ፣ ዐብዲሻኩር በሩ ጥግ፣ በሺር ቆሞ። ኢክራን ጥራዙን አቅፋ ከሰገል ትይዩ ናት።

«ይፈረምና ወደ ቀብሩ እንሂድ» አለ ጢሞቴዎስ። «ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።»

«እስክሪብቶህን ክደነው» አለች ዚነት። ድምፅዋን አላነሳችም፤ ግን አንተ ማለቷን ሁሉም ሰማው። ጢሞቴዎስ ከደነው።

ከእጆቹ ጀመረች። የሚወድቅ ሰው፣ ቢያይም ባያይም፣ እጆቹን ያስቀድማል። የይሳቅ ግንባር ተሰንጥቋል፣ አንገቱ ተሰብሯል፤ ሐኪሙ እንዳለው ግን መዳፎቹ ላይ ጭረት የለም። ስለዚህ ሁለት እጆቹ የያዙት ነገር ነበር። የያዙት ይህን ጥራዝ ነው፤ አብሮት ወድቆ ማዕዘኑ ቀዩን ቀለም ልጦ ወስዷል። ወደ ኢክራን እየወሰደው ነበር። ጥራዙ ግን የተገኘው ፎቅ ላይ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ተስተካክሎ ነው።

«የሞተ ሰው ዕቃውን መልሶ አያስቀምጥም። የመለሰው በሬሳው ላይ ተራምዶ የወጣ ሰው ነው።»

ቀጥላ ስለ መስኮቱ ተናገረች። ድሬ ውስጥ ይሳቅን ሰላም ብሎ መልስ ያጣ ሰው የለም፤ የባጃጅ ሾፌሮች እንኳ ከሩቅ እየጮሁ ሰላም ይሉታል፣ በስማቸው እየጠራ ይመልሳል። ስምንት ሰዓት ላይ የተጠራው ሰው ዝም ካለ ይሳቅ አልነበረም። ይሳቅ ያን ጊዜ ታች ተኝቷል። ፎቅ ላይ ሆኖ ነጥብ ሲወጋ የነበረው ሌላ ሰው ነው። የሚወጋውም ይሄን ወረቀት ነው።

«ያነበበው ሰው የለም ብላችሁኛል። ይነበብ።»

ኢክራን ወረቀቱን ከፍ አደረገችው። ልክ ክፍል ውስጥ እንደምታስተምር ረጋ ብላ ተናገረች።

«ብሬል በእጅ ሲጻፍ ወረቀቱ የሚወጋው ከጀርባው ነው፤ ነጥቡ ብቅ የሚለው በሌላው ፊት ነው። ስለዚህ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ፊደሉን ገልብጠን እንጽፋለን። ወረቀቱ ሲገለበጥ ይቃናል። ይህን ልጆቼ በመጀመሪያው ሳምንት ይማሩታል። ይሄን የጻፈ ሰው ግን የፊደል ገበታውን ፊቱ አስቀምጦ፣ እንዳየው፣ ከግራ ወደ ቀኝ ወግቶታል። ጉድጓዱን በዓይኑ ለሚያይ ልክ ነው። ጣት ሲነካው ሁሉም የዞረ ነው። ለዓይን የተጻፈ ወረቀት ነው። ጋሽ ይሳቅ በሕልሙም እንዲህ አይጽፍም።»

«ጥራዙስ?»

«እሱም እንዲሁ ነው። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መቶ ስድሳኛው። መስመሩም አጭር ነው፤ የጋሽ ይሳቅ ሰሌዳ በመስመር ሠላሳ ፊደል ይይዛል። ጥራዙም ወረቀቱም አሥራ ስምንት፣ አሥራ ስምንት ናቸው። አንድ ትንሽ ሰሌዳ ነው ሁለቱንም የጻፈው።»

ዚነት ወደ ዐብዲሻኩር ዞረች። «ማሽን እንዲህ አይሳሳትም። ናሙናህ በሰው እጅ የተወጋ ነው። ያው እጅ ነው ትናንት የሟቹን ነጥብ የጻፈው። ይሳቅ ለዚያ ሰው ጥራዙ ሊነበብ አይችልም ብሎታል፤ ለምን እንደማይነበብ ግን አልነገረውም። ነግሮት ቢሆን ያንኑ ስሕተት አይደግመውም ነበር።» ቀጥላ ሁሉንም ተራ በተራ አየቻቸው። «መዳፋችሁን ገልብጣችሁ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡ።»

የጢሞቴዎስ መዳፍ ለስላሳ ነበር፤ የዐብዲሻኩር በላብ ረጥቧል። ሰገል እጆቿን ጭኗ ላይ እንዳደረገች ቀረች።

«እትዬ ሰገል» አለች ኢክራን። «ጠዋት እጄን ስትይዢኝ ነው የነካሁት። የእኛን ሽምብራ አብቅለሻል። ገና ትኩስ ነው፤ ቆስሎ የዳነ። ብሬል ጀምራ ይሆን ብዬ ደስ ሊለኝ ነበር።»

ዐብዲሻኩር አንገቱን ደፋ። ከእሱ እየተከፈላት ናሙናውን የሠራችው፣ የድርጅቱንም ሰነድ የጻፈችው ሰገል መሆኗን ማንም ሳይጠይቀው ተናገረ። የጨረታውን መስፈርት ያዘጋጀችውም፣ መልሱን የጻፈችውም፣ ቃለ ጉባኤውን የያዘችውም አንድ ሴት ናት። ግድያውን ግን ከሰው እኩል እንደሰማ ማለ።

የሰገል መሳቢያ ተከፈተ። ከወረቀት ማቀፊያዎች ሥር ትንሽ ሰሌዳ፣ መውጊያና የፊደል ገበታ ነበሩ፤ ከእነሱም ጋር አራት ላይ የታጠፈ አንድ የብሬል ወረቀት። ዚነት ወረቀቱ ምን እንደሆነ ጠየቀቻት።

«የእሱ ነው» አለች ሰገል። ድምፅዋ የደከመ ሰው ድምፅ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ በየእረፍቱ በጓሮ በር እየተመለሰች፣ በባዶው ቢሮ መቶ ስድሳ ገጽ ወግታለች። መዳፏ ደምቷል። ትናንት ስትገባ ይሳቅ ጨርሶ ነበር። «ዜሮ አለኝ። ከዚያ ሳቀ። ‹ሰገልዬ፣ ይሄን የጻፈ ሰው ምን ዓይነት ፍጥረት ነው?› እያለ ሳቀ። እኔ መሆኔን አያውቅም። ለሌላ ሰው ሊያሳይ ይዞት ወጣ። እየሳቀ።»

«ወረቀቱን ለምን አላቃጠልሽውም?»

«ምን ብሎ እንደጻፈብኝ ማወቅ ፈልጌ ነበር። ማንበብ አልችልም።»

ዚነት ወረቀቱን ለኢክራን ሰጠቻት። ኢክራን ዘረጋችው፤ ጣቶቿ ከግራ ወደ ቀኝ ሳይደናቀፉ ሄዱ። አንድ ጊዜ ለራሷ አነበበችው። ከዚያ ለሁሉም አነበበችው።

«‹ነቁጥ። ናሙናው በሙሉ የዞረ ስለሆነ አይነበብም። ነጥብ፣ ዜሮ። ማስታወሻ፤ የጻፈው ሰው ትጉህ ነው፤ መቶ ስድሳ ገጽ በእጁ ወግቷል። ከቀኝ ጀምር ያለው ሰው ግን የለም። ማን እንደሆነ ይጣራና ወደ እኔ ይላክ፤ በአንድ ቀን አስተምረዋለሁ። እንዲህ ያለ እጅ ያስፈልገናል።›»

ሰገል መዳፏን ገልብጣ አየችው።

ዚነት ካቴናውን ስታወጣ ጢሞቴዎስ ጉሮሮውን ጠራረገ። ጸሐፊ ከሌለ ቃለ ጉባኤውን ማን ይይዛል፣ የበጀት ዓመቱ ሊያልቅ ነው አለ። ዚነት ቀና ብላ አየችው። ሰውን በዚህ የሚያስከስስ አንቀጽ ቢኖር በዚያች ደቂቃ ትጽፈው ነበር። አንቀጽ ስለሌለው ቃለ ጉባኤውን ከፊቱ አንስታ ፋይሏ ውስጥ ከተተችው።

«ኤግዚቢት ነው» አለችው። «ደረጃውም ነው። የሚያጥበው ሰው አብሮ ይታሰራል።»

ይሳቅ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተቀበረ። ጨረታው ተሰረዘ፤ በሐምሌ እንደገና ወጣ፤ ኢክራን ገምጋሚ ሆና ተመደበች። ጢሞቴዎስ ወደ ሌላ ጽሕፈት ቤት ተዛወረ። በመስከረም ሠላሳ አንዱ ልጆች ወደ ክፍል ሲገቡ መጽሐፍ ገና አልደረሰም ነበር፤ ኢክራንና ሁለት ባልደረቦቿ የስድስተኛ ክፍሉን መጽሐፍ ከቀኝ ወደ ግራ በእጃቸው መውጋት ጀመሩ።